ድምፅ፤ አደራ ወይስ ሸቀጥ?

በፓርላማ ሥርዓት መንግሥት የሚጸናውም የሚወድቀውም በቁጥር ነው። ክርክሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ የምክር ቤቱ አባላት አንድ ምሽት ይቆጠራሉ፤ የበዛው ወገን ይገዛል፤ ያነሰው ወገን ሥልጣኑን ያስረክባል። የመተማመኛ ድምፅ የሚባለው ይህ ነው። ቁጥሩ ግን በዚያች ምሽት ብቻ አይወለድም። አስቀድሞ ባሉት ቀናትና ሌሊቶች በየመተላለፊያው፣ በየቢሮውና በየማዕዱ ምክር ይመከራል፣ ልመና ይቀርባል፣ ዛቻ ይሰነዘራል፣ ውል ይፈጸማል። ትናንት የተወጋገዙ ፓርቲዎች ዛሬ ይተቃቀፋሉ፤ ለዓመታት አብረው የቆሙት ደግሞ በአንዲት ቅሬታ ይለያያሉ። ከዚህ ሁኔታ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። የሕዝብ እንደራሴ ለሰጠው ድምፅ ምላሽ አንዳች ነገር ቢቀበል፣ አደራውን ተወጣ ይባላል ወይስ አደራውን ሸጠ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው መልስ ፖለቲካ ገበያ ነው ከሚል ሰው የሚመጣ ነው። በእርሱ ዓይን ሁሉም ሻጭ፣ ሁሉም ገዢ ነው፤ ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ማናቸውም ስምምነት ክህደት ነው ከሚል ሰው ይመጣል። በእርሱ ዘንድ ንጹሕ ሰው ከተቃዋሚው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም፣ ከዓላማውም ስንዝር አያፈገፍግም። ሁለቱ በላይ ላዩ ሲታዩ ተቃራኒዎች ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ይስማማሉ። በአንዱ ውልና በሌላው ውል መካከል ልዩነት የለም ይላሉ። አንደኛው ሁሉን ይፈቅዳል፣ ሁለተኛው ሁሉን ይኮንናል፤ ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያርፋሉ።

የአማርኛ ቋንቋ ለምርመራው መነሻ ይሰጣል። ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውም፣ በምክር ቤት የሚቆጠረውም በአማርኛ አንድ ስም አለው፤ ድምፅ። መራጩ ድምፁን ለእንደራሴው ሲሰጥ፣ እርሱ በማይገኝበት ስፍራ እንዲናገርለት አንደበቱን እንዳዋሰው ይቆጠራል። የተዋሱትን ዕቃ ደግሞ ሊገለገሉበት እንጂ ሊሸጡት አይገባም። መተማመኛ የሚለውም ቃል እንዲሁ ሊጤን ይገባዋል። ማመን የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መተማመን ግን ቢያንስ ሁለት ሰዎችን ይጠይቃል። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 ምሽት በለንደን የተፈጸመው ያስረዳል።

በዚያን ጊዜ ብሪታንያን ያስተዳድር የነበረው በጀምስ ካላሃን የሚመራው ሌበር፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ ነበር። ፓርቲው በኦክቶበር 1974 ምርጫ 635 መቀመጫዎች ባሉት ምክር ቤት 319 አግኝቶ በሦስት ድምፅ ብልጫ አሸንፎ ነበር። ያችም ቀጭን ብልጫ እየተሸረሸረች ስታልቅ፣ በማርች 1977 በዴቪድ ስቲል ከሚመራው ከሊበራል ፓርቲ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በዚያው ወር የቀረበው የመጀመሪያው ፈተናም በ322 ለ298 ድምፅ ታለፈ። ስምምነቱ በ1978 ሲያበቃ ግን መንግሥቱ ቀኑን በልመና የሚገፋ ሆነ። የክረምቱ የሥራ ማቆም አድማዎች ደግሞ ይበልጥ አዳከሙት። እንግዲህ የመንግሥቱ ዕድሜ በትንንሾቹ ፓርቲዎች እጅ ገባ።

ከእነዚህ አንዱ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ነበር። 11 አባላት ነበሩት። ፓርቲው መንግሥቱን የሚታገሠው ስኮትላንድ የራሷ ሸንጎ እንዲኖራት ቃል ስለ ተገባለት ነበር። በማርች 1 ቀን 1979 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 51.6 በመቶ የሚሆኑት ሐሳቡን ደገፉ። ይሁን እንጂ በሕጉ ላይ ከመራጭነት ከተመዘገበው ሕዝብ ቢያንስ 40 በመቶ መደገፍ አለበት የሚል አንቀጽ ተጨምሮበት ነበር፤ የተገኘው 32.9 በመቶ ብቻ ሆነ። ካላሃን ሕጉን በሥራ ለማዋል የራሱን ፓርቲ አባላት እንኳ በአንድነት ማሰለፍ አልቻለም። ስለዚህ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ እምነት የመንፈግ ሐሳብ አቀረበ፤ የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ማርጋሬት ታቸርም አጋጣሚውን ሳታሳልፍ የራሷን አስከተለች። ካላሃን በክርክሩ ላይ በስኮትላንዶቹ ተሳለቀባቸው፤ ለገና የሚታረዱ ዶሮዎች በዓሉ ቶሎ እንዲደርስ ድምፅ ሲሰጡ በታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው የሚል ቀልድ ጠቀሰ።

ቀልዱ ትንቢት ሆነ። 11ዱም መንግሥቱን ተቃወሙ፤ በተከተለው ምርጫ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አዲሱ የታቸር መንግሥት የስኮትላንድን ሕግ በዚያው ዓመት ሻረው፤ የስኮትላንድ ፓርላማ ሥራውን የጀመረው ከ20 ዓመት በኋላ በ1999 ነው። እነዚህ ሰዎች ድምፃቸውን አልሸጡም፤ የተገባላቸው ቃል ስላልተፈጸመ የሰጡትን ድጋፍ አነሡ። ነገር ግን ቃል ያፈረሰውን ቀጥተው፣ ቃሉን ጨርሶ ለማይሰማ ወገን በር ከፈቱ። ቁጣቸው ትክክለኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሕዝባቸው ጉዳይ ግን በቁጣው አልተጠቀመም። ከዓላማዬ ስንዝር አላፈገፍግም የሚለው ሰው ይህን ታሪክ በጥሞና ሊያስብበት ይገባል።

በዌልስ የሆነው ሌላ ነው። ፕላይድ ኩምሪ የተባለው የዌልስ ብሔርተኞች ፓርቲ ሦስት አባላት ነበሩት። በዚያው በማርች 1 ቀን የዌልስ ሕዝብ የራሱን ሸንጎ ሐሳብ በከፍተኛ ብልጫ ውድቅ አድርጎት ስለ ነበር፣ የፓርቲው ታላቅ ዓላማ በራሱ ሕዝብ ድምፅ ተቀብሮ ነበር። ሦስቱ አባላት ሌላ ነገር ጠየቁ። በሰሜን ዌልስ ተራሮች ለቤት ክዳን የሚሆነውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩ ሠራተኞች፣ የድንጋዩ ትቢያ ሳንባቸውን አድርቆት ትንፋሽ አጥሯቸው ይሞቱ ነበር። ካሣ እንዳይጠይቁ ብዙዎቹ ቀጣሪ ድርጅቶች ተዘግተዋል፤ የሚከሰስ ባለቤት አልነበረም። ሦስቱ አባላት ለነዚህ ሰዎች መንግሥት ካሣ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ ቢወጣ ድምፃችንን እንሰጣለን አሉ። መንግሥቱም ቃል ገባ፤ እነርሱም ቃላቸውን ጠብቀው ከመንግሥቱ ጋር ቆሙ። መንግሥቱ ወደቀ፤ ሕጉ ግን ፓርላማው ከመበተኑ በፊት፣ በአፕሪል 1979 መጀመሪያ ላይ ጸደቀ። ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ይህ ውል ሽያጭ ነበርን? በውሉ ዋጋ አለ፣ ምላሽ አለ፣ ልውውጥ አለ። ነገር ግን ዋጋው በእንደራሴዎቹ ኪስ አልገባም፤ ወደ በሽተኛው ሠራተኛ ቤት ሄደ። ውሉም በጨለማ አልተደረገም፤ አባላቱ በየመንደራቸው ቆመው ድምፃችንን የሰጠነው ለዚህ ነው ለማለት የሚያሳፍራቸው ነገር አልነበረም። የተዋሱትን አንደበት ለአዋሹ ተናገሩበት።

ሁሉም ውል ግን እንዲህ አልተቃናም። መንግሥቱ የሰሜን አየርላንድን ዩኒየኒስቶች ለማባበል፣ ያ አውራጃ በለንደን ምክር ቤት የነበሩት 12 መቀመጫዎች ወደ 17 ከፍ እንዲሉ ፈቅዶ ነበር። ውለታው ወዳጅ አላፈራም፤ በዚያች ምሽት ሁለት ዩኒየኒስቶች መንግሥቱን ሲደግፉ አብዛኞቹ ተቃወሙት። በአንጻሩ ለዓመታት የሌበር ደጋፊ የነበረው የምዕራብ ቤልፋስት እንደራሴ ጄሪ ፊት፣ መንግሥቱ በአየርላንድ ላይ በያዘው አቋም አዝኖ፣ ወዳጆቹን በምክር ቤቱ ፊት ተሰናብቶ በተቃራኒው ቆመ። ሌላው የአየርላንድ እንደራሴ ፍራንክ ማጓየር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ድረስ መጣ፤ መጥቶም ለአንዱም ወገን ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ። አንዱን ወዳጅ ለመግዛት የተከፈለ ዋጋ ሌላውን ወዳጅ ሊያሳጣ ይችላል፤ ይህን የሒሳብ ሊቅ ብቻውን ሊያሰላው አይችልም።

የምሽቱ እጅግ ከባድ ጥያቄ ግን ከለንደን ርቆ በዮርክሻየር፣ በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነበር። የሌበር አባል የነበረው ሰር አልፍሬድ ብሮተን፣ ራሱም ሐኪም፣ ሊሞት እያጣጣረ ነበር። በምክር ቤቱ ልማድ መሠረት በአምቡላንስ ተጭኖ ግቢው ውስጥ ቢደርስ ድምፁ ይቆጠርለት ነበር። እርሱም ለመምጣት ፈቃደኛ እንደ ነበረ ይነገራል። ሐኪሞች ግን ጉዞው ሊገድለው እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ ካላሃንም እንዳይመጣ ወሰነ።

ለእንዲህ ያለው ችግር በምክር ቤቱ የቆየ ልማድ ነበር። ከአንዱ ወገን የታመመ ሰው ሲቀር ከሌላው ወገንም አንድ ሰው በፈቃዱ ይቀራል፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ። የሌበሩ ምክትል ተጠሪ ዋልተር ሃሪሰን ወደ ወግ አጥባቂው ምክትል ተጠሪ ወደ በርናርድ ዌዘሪል ሄዶ ይህንኑ ጠየቀ። ዌዘሪል መንግሥት በሚወድቅበትና በሚነሣበት ድምፅ ልማዱ እንደማይሠራ፣ ከፓርቲውም ለመቅረት የሚፈቅድ ሰው እንደማይገኝ ነገረው። ይህን ካለ በኋላ ግን፣ በሁለታቸው መካከል የኖረው ቃል የክብር ቃል ስለ ነበረ፣ ራሱ ሊቀርለት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጠ። ይህን ቢያደርግ በፓርቲው ዘንድ የነበረው የወደፊት ዕድል ሁሉ ባከተመ ነበር። ሃሪሰን የተቃዋሚውን ቸርነት ተመልክቶ ከቃሉ ነጻ አወጣው፤ ሊቀበለው አልፈቀደም።

ድምፁ ተቆጠረ፤ 311 ለ310። መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ወደቀ። ብሮተን ቢመጣ ወይም ዌዘሪል ቢቀር ኖሮ ድምፁ እኩል በሆነ፤ አፈ ጉባኤውም እንደ ልማዱ ነባሩ እንዲጸና በወሰነ፣ መንግሥቱም በዚያች ምሽት በዳነ ነበር። ብሮተን ከአምስት ቀን በኋላ አረፈ። በሜይ 3 ቀን በተደረገው ምርጫ ታቸር በ43 መቀመጫ ብልጫ አሸነፈች፤ የሌበር ፓርቲ ወደ ሥልጣን የተመለሰው ከ18 ዓመት በኋላ በ1997 ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በእነዚያ 18 ዓመታት ብዙ የከሰል ጉድጓዶች ተዘጉ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኃይል ተሰበረ። የሚሊዮኖች ኑሮ በአንድ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ለአንድ የሚሞት ሰው ጥቂት ቀናትና ለሁለት ሹማምንት ጨዋነት ሲባል መንግሥትን መጣል ቅንጦት አይደለምን? የጨዋነቱን ዕዳ የከፈለው ማን ነው? ጥያቄው በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። መንግሥቱ በዚያች ምሽት ቢድንም ከጥቂት ወራት በኋላ ምርጫው አይቀሬ ነበር የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የሁኔታ መልስ ነው እንጂ የሥነ ምግባር መልስ አይደለም።

የሥነ ምግባሩ መልስ ሌላ ነው። የሠራተኛው ፓርቲ ሰው በማሽን ጥርስ እንደሚቆጠር ብሎን እንዳይታይ ለመታገል የተነሣ ፓርቲ ነበር። በአምቡላንስ የመጣው ብሮተን መንገድ ላይ ቢሞት፣ ፓርቲው ሥልጣኑን ለማቆየት ከተነሣበት ዓላማ ውስጥ አንዱን ባጠፋ ነበር። ዌዘሪልና ሃሪሰንም ከነገ ወዲያ እንደገና የሚገናኙ ተቃዋሚዎች ነበሩ። ከዚያች ምሽት በፊት በነበሩት ዓመታት የምክር ቤቱን የዕለት ሥራ ያስኬደው፣ በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈው የሁለቱ ወገኖች ተጠሪዎች ቃል ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለው የአበው ብሂል የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ቃል የሌለበት ምክር ቤት ቁጥሩን መቁጠር ይችል ይሆናል፤ በተቆጠረው ግን የሚገዛ አይኖርም፤ የተሸነፈው ወገን መሸነፉን የሚቀበለው ቆጣሪውን ሲያምን ብቻ ነውና።

ልውውጡ በስውር ሲሆን ምን እንደሚከተል ለማየት ከለንደን ወደ ቦን መሻገር ይበቃል። በአፕሪል 27 ቀን 1972 የምዕራብ ጀርመን ተቃዋሚ መሪ ራይነር ባርዝል መራሔ መንግሥቱን ዊሊ ብራንትን አውርዶ በቦታው ለመተካት ድምፅ አስጠየቀ። 249 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ከብራንት ወገን የከዱ አባላት ስለ ነበሩ የሚያገኘው ይመስል ነበር። የተገኘው 247 ብቻ ሆነ። የድምፁ አሰጣጥ ምስጢራዊ ስለ ነበር ከራሱ ወገን ማን እንደ ከዳው አልታወቀም። በተከታዩ ዓመት ዩሊየስ ሽታይነር የተባለ የተቃዋሚው ወገን አባል 50,000 ማርክ እንደ ተቀበለ ተናገረ፤ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ ደግሞ የምሥራቅ ጀርመን የውጭ ስለላ ኃላፊ የነበረው ማርኩስ ቮልፍ ገንዘቡን የሰጠው የእርሱ መሥሪያ ቤት መሆኑን አመነ።

የዚህ ታሪክ ችግር የተገዛው ድምፅ ያዳነው ዓላማ በጎ መሆኑ ነው። ብራንት ከምሥራቅ አውሮፓ ጋር ዕርቅ የሚያወርዱትን የሞስኮንና የዋርሶን ውሎች ይዞ ነበር፤ በ1971 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠውም ስለዚሁ ጥረቱ ነው። ሰላም በ50,000 ማርክ ቢገዛ ምን ነውር አለው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጎው ዓላማ ኃይሉን ያገኘው ከተገዛው ድምፅ አይደለም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በተደረገው ምርጫ ከመራጩ 91 በመቶ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ የብራንት ፓርቲም ከሁሉ የበለጠውን ድምፅ አገኘ። የሕዝቡ ድምፅ የብራንትን ሥልጣን አጸናው። ጉቦው ያተረፈው ነገር ቢኖር ስለ አንድ መልካም ሥራ በተነገረ ቁጥር አብሮ የሚነሣ ነውር ነው።

በሕንድ ደግሞ ነገሩ ወደ ችሎት ደረሰ። በጁላይ 28 ቀን 1993 የናራሲምሃ ራኦ መንግሥት የቀረበበትን እምነት የመንፈግ ሐሳብ በ265 ለ251 ድምፅ አለፈው። በኋላ ለድምፃቸው ገንዘብ ተቀብለዋል የተባሉ እንደራሴዎች ተከሰሱ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 በሦስት ዳኞች ለሁለት፣ ሕገ መንግሥቱ እንደራሴን በምክር ቤት ስለሰጠው ድምፅ እንዳይከሰስ ስለሚጠብቀው፣ ገንዘብ ተቀብሎ እንደ ውሉ ድምፅ የሰጠ ሰው ሊከሰስ አይችልም ሲል ወሰነ። ተቀበለ ተብሎ ድምፁን ያልሰጠው ግን ይህ ጥበቃ ተነፈገው። በዚህ ፍርድ መሠረት ለጉቦ ሰጪው የታመነ ከሕግ ሲያመልጥ፣ ያልታመነው ይጠየቃል። ይህ ቅዠት የመሰለ ፍርድ እስከ ማርች 2024 ጸንቶ ቆይቶ በሰባት ዳኞች የአንድ ድምፅ ውሳኔ ተሻረ። እንደራሴው የተጠበቀው በነጻነት እንዲናገር እንጂ በነጻነት እንዲሸጥ አለመሆኑን ለማወጅ 26 ዓመት ፈጀ።

ከለንደን፣ ከቦንና ከዴልሂ የተገኘው ሲጠቃለል ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አንደኛው፣ የውሉ ፍሬ በማን ቤት ገባ የሚለው ነው፤ በእንደራሴው ወይስ በላኪው? ሁለተኛው፣ ውሉ ላኪው በሚሰማበት አደባባይ ሊነገር ይችላልን የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ በተዋዋዮቹም በተቃዋሚዎቹም መካከል ቃል ጸንቶ ይኖራልን የሚለው ነው። የዌልሶቹ ውል ሦስቱንም ያልፋል። የቦኑ በሦስቱም ይወድቃል፤ የያዘው ዓላማ በጎ መሆኑም አያድነውም። የስኮትላንዶቹ አቋም በሐቀኝነት ያልፋል፤ የሚያስተምረው ግን ሐቀኝነት ብቻውን ማስተዋልን እንደማይተካ ነው።

እንደራሴው የላኪዎቹ አፍ ብቻ ነው ወይስ የራሱ ኅሊና ያለው ሰው የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ኤድመንድ በርክ በ1774 ለብሪስቶል መራጮቹ እንደራሴ የራሱን ፍርድ ለእነርሱ ፈቃድ ሲል መሠዋት እንደሌለበት ነግሯቸው ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ግን መቀመጫውን አጣ። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይደነግጋል። ሦስት ጌቶች ማለት ነው፤ ሦስቱ ሲጋጩ ለማን መታዘዝ እንደሚገባ ግን ማንኛውም አንቀጽ አስቀድሞ ሊደነግገው አይችልም። በዝርዝሩ ውስጥ ገንዘብ አለመኖሩ፣ የፓርቲ ተጠሪ ቁጣም አለመኖሩ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል።

የዚያች የለንደን ምሽት ታሪክ በ2012 በጀምስ ግራሃም ተውኔት ለመድረክ በቅቷል። ተውኔቱ ዋናዎቹን መሪዎች ትቶ በየመተላለፊያው የሚሯሯጡትን ተጠሪዎች ባለታሪክ ማድረጉ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የፖለቲካ ሥነ ምግባር በታላላቅ ንግግሮች ላይ ሲፈተን እምብዛም አይታይም፤ የሚፈተነው ማንም በማይሰማበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ምን እንደ ተባባሉ ነው። የፖለቲካ ሠራተኛው ድጋፍ ፍለጋ ሲወጣ፣ መምህሩ ስለ መንግሥት አሠራር ሲያስተምር፣ የኪነት ሰውም የሥልጣንን ነገር ሲጽፍ፣ በሰሌዳው ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ጀርባ ያለውን ይህን ያልተቆጠረ ነገር ሊፈልጉት ይገባል። በ1979 የወደቀው መንግሥት ከታሪክ መጽሐፍ በቀር ሌላ ስፍራ የለውም፤ ለዌልስ ድንጋይ ፈላጮች የወጣው ካሣ ግን ዛሬም ይከፈላል።